በጓሮ የገቡ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለልዑልቃል ወልደ ጊዮርጊስ፤
ጁባ፣ ሱዳን።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀት አሁንስ ራራልህ ወይስ እንደ ጀመረ ነው? ወባው ዳግመኛ አልጎበኘህም? ቀኑን ሙሉ የውሃ ቦቴ ስትነዳ እየዋልክ የወገብህ ሕመም እንዴት ይዞሃል? ምግብህንስ ማን ያሰናዳልሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በጤና አለን። አባባ ጉልበታቸውን አልፎ አልፎ ያማቸዋል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም። እማማም ደህና ናት፤ ስምህን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። ቦንጋም ትተሃት እንደሄድከው ናት፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ጭቃ።

የሽማግሌውን ነገር ከምን አደረሳችሁት ብለህ ደጋግመህ ጽፈህልኝ መልስ አልሰጠሁህም። አባባ ጻፍለት ሲሉኝ ጽፌያለሁ እያልኩ ዋሸኋቸው። በስልክ ስትጠይቃቸው ሔኖክ ይነግርሃል ብለው ወደ ሌላ ወሬ የሄዱት መናገሩ የእኔ ፋንታ ስለሆነ ነው። አጠገብህ ሆኜ ቢሆን መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር የምነግርህ። ወረቀት ደግ ነው፣ ዓይን የለውም። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው ሳትቆጣ አንብብልኝ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን በለኝ፣ ይገባኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከላክህልኝ ጂፒኤስ ነው። አብሮህ ይሠራ የነበረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ የሰጠህን ለራስህ ሳታስቀር፣ ሔኖክ ሹፌር ነው ይጠቀምበታል ብለህ ስትልክልኝ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። ወፍራም ሞባይል ብታክል ነው፤ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ትበላለች፣ ሰማይ ላይ ካሉት ሳተላይቶች ጋር ትነጋገራለች ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ሰበክሁ። ከቦንጋ እስከ ውሽውሽ ያለውን፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምነዳውን መንገድ፣ ጂፒኤሱን ከመሪው ፊት አስሬ ቀስቷን እያየሁ መንዳት ጀመርኩ። የምነዳላቸው የቡና ነጋዴው ጋሽ ያሲር፣ እስከዛሬ ቤትህን በማን እርዳታ ነበር የምታገኘው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ኋላ ግን ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቡና ልናይ በእግር ገብተን ጭጋግ ሲጥልብን፣ መኪናችንን ያቆምንበትን ቦታ አስቀድሜ መዝግቤው ኖሮ እየመራች አወጣችን። ያን ቀን ጋሽ ያሲርም ቀልዳቸውን ተዉ። የእኔም ልብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አበጠ።

ልታገባት ያሰብካትን የህይወትን ወላጆች ቤትም መዝግቤው ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃዋን ከምታስተምርበት ከዋጫ እስከ ወላጆቿ ቤት ያደረስኩላት እኔ አይደለሁ? ሻንጣዋን አውርጄ ግቢያቸው ውስጥ ቆሜ የጂፒኤሷን ቁልፍ ተጫንኩ። አንድ ቀን ለወንድሜ ጉዳይ ያስፈልጋል ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ምነው እጄን በሰበረው።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት አባባ ሦስት ሽማግሌ መረጡ። ጋሽ በዛብህን፣ አቶ ኃይለመስቀልንና የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ዋለን ነው፤ ከእነሱ የተሻለ ሰው ቦንጋ ላይ የለም። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ገና ሳይነጋጋ በጋሽ ያሲር መኪና ይዣቸው ወጣሁ። የእነ ህይወት ቤት ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ መስክ ታስታውሰዋለህ። እንግዳ ከመስኩ ማዶ ሆኖ ይጣራል፤ ቤተሰቡ ልብሱን እስኪያስተካክል፣ ሴቶቹ ሥራቸውን እስኪሰበስቡ ይጠብቃል፤ ግቡ ሲሉት ይገባል። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ እንዲህ ማድረግ አለበት።

ሺሺንዳን አልፈን ወደ እነሱ ከሚያስገባው መታጠፊያ ስንደርስ፣ ሌሊት በጣለው ዝናብ አንድ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቶታል። ጋሽ በዛብህ ሌላ መግቢያ ይኖር እንደሆነ ሰው እንጠይቅ አሉ። እኔ ተቆጣሁ፤ ይህ እያለ ሰው ይጠየቃል ወይ ብዬ ጂፒኤሱን አውጥቼ አሳየኋቸው። ቀስቷ በቀጥታ ጫካውን አቋርጣ ትጠቁማለች፤ ቤቱ ከአፍንጫችን ስር ነው ማለት ይቻላል። መኪናውን ዳር አስይዤ ተከተሉኝ አልኳቸው። ልጁ ያውቃል ብለው ተከተሉኝ፤ አይ ማወቅ!

ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ እሾሁ ጋቢ ይይዛል። ወንዟን ስንሻገር የአቶ ኃይለመስቀል አንድ እግር ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ በከዘራ ቆፍረን አወጣነው። ዛፉ ጥቅጥቅ ሲል ጂፒኤሱ ሰማይ አጣና ቀስቷ እንደ ሰከረ ሰው ዞረች። እኔ ግን መሳሳቴን አላመንኩም፤ የማውቅ መስዬ ፊት ፊት ሄድኩ። ጋሽ ዋለ ከኋላዬ እየተነፈሱ፣ ይህ ዕቃ መንገድ የተማረው ከወፍ ነው፣ እኛ ደግሞ ክንፍ አላበቀልንም ሲሉ ሰማኋቸው። ሳቅሁ እንጂ አልቆምኩም።

ከዚያ እንሰት ውስጥ ገባን። ቀስቷ ተስተካከለች፤ ደረስን አልኩ። ወንድም ጋሼ፣ ይህን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ያን ጠዋት የጎረቤት ሴቶች በደቦ ተሰብስበው ጓሮ እንሰት እየፋቁ ነበር። ሴት እንሰት ስትፍቅ እንዴት እንደምትቀመጥ ታውቃለህ፤ ቀሚሷን እስከ ጭኗ ሰብስባ፣ አንድ እግሯን ሽቅብ አንስታ ቅጠሉን ከጣውላው ላይ በተረከዟ ይዛ ነው። ወንድ በዚያ አያልፍም። አቶ ገብረሚካኤል እንኳ፣ የቤቱ ባለቤት ሆነው፣ እንሰት በሚፋቅበት ቀን ወደ ጓሮ ዝር አይሉም። እኔ ዓይኔን ከጂፒኤሱ ላይ ሳልነቅል ከእንሰቱ መሃል ብቅ ስል፣ የቆምኩት ከህይወት እናት ከእትዬ ብርቄ ፊት ለፊት ነበር። ያ ዕቃም መድረሳችንን ሊያበስር ጢጥ ጢጥ አለ።

ጩኸቱን አልነግርህም። ከሴቶቹ አንዷ በእጇ ያለውን ፍቅፋቂ ፊቴ ላይ ለጠፈችው። እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን ለማውረድ ሲጣደፉ ጣውላውን ይዘው ወደቁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ ግንድ አዙረው፣ እንደተቀጣ ተማሪ ተደርድረው ቆሙ። ያ መልካቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አጥሩን ዞረን ወደ መስኩ ሄደን እንደ ደንቡ ተጣራን። አቶ ገብረሚካኤል ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ይዘው አስነሷቸው፣ እንግዳ መንገድ ይስታል አሉ። የመጡበትን ሰምተው ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሽ በዛብህ፣ ዛሬ ያየነው እዚያው እንሰቱ ስር ተቀብሯል፣ የሰው እናት ናት አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ያነበብከውን በሳቅ አንብበኸው ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም። ጥቂት ቀን ቆይቶ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ከሹፌሮች ጋር ተቀምጬ ሳለሁ በጂፒኤሱ ነገር ነካኩኝ። ሲስቁብኝ አብሬ ልሳቅ አልኩና ጀመርኩት። ጫካውን፣ ጫማውን፣ ጢጥ ጢጡን ነገርኳቸው። ሲስቁልኝ ጊዜ ሞቀኝና ተነስቼ የእትዬ ብርቄን አወዳደቅ በተግባር አሳየኋቸው። ስም አልጠራሁም፤ ግን ሺሺንዳ ማዶ፣ ልጃቸው አስተማሪ የሆነች ካልኩ በኋላ ምን ስም ቀረ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሺሺንዳ ገባ።

እትዬ ብርቄ በገበያ ቀን እንደ ልማዳቸው ቆጯቸውን ዘርግተው ሲሸጡ አንዱ ባለጌ ከኋላቸው ጢጥ ጢጥ አለ። ገበያተኛው ሳቀ። ቆጯቸውን እዚያው ጥለው ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ታይተው አያውቁም። አቶ ገብረሚካኤልም በቀጠሮው ቀን ማንም ደጄን እንዳይረግጥ ብለው ላኩ።

ከሁሉ የሚብሰው የእኔ ዝምታ ነው። አባባ ቃሉን ሲሰሙ እህል አልቀመሱም። ጋሽ በዛብህ ማን አወራ ብለው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ፤ አቶ ኃይለመስቀል ጋሽ ዋለን ጠረጠሩ፣ ጋሽ ዋለም አቶ ኃይለመስቀልን። እነዚያ አብረው ያረጁ ሰዎች ጥምቀት ላይ ታቦት አጅበው እየሄዱ ሰላም ሳይባባሉ ተላለፉ። እኔ መሃላቸው ነበርኩ፣ አፌን ይዤ። ለወሬ ተከፍቶ ያደረ አፍ ለእውነት ተዘጋ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ ለአባባ ነገርኳቸው። ቢመቱኝ በተሻለኝ፤ ከዘራቸውን አንስተው ጋሽ በዛብህ ቤት ሄዱና ያወራው የእኔው ልጅ ነው አሉ። አባታችን ደጅ ለደጅ እየዞሩ ይህን ሲሉ በመስኮት አየኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሺሺንዳ ሄድኩ። መኪና አልያዝኩም፣ ጂፒኤሱንም አልያዝኩም። የማውቀውን መንገድ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ፣ ወዴት ነህ ሲሉኝ ይቅርታ ልጠይቅ እያልኩ ሄድኩ። ከመስኩ ማዶ አንድ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና እዚያው ቆሜ ተጣራሁ። አቶ ገብረሚካኤል ወጥተው አዩኝና ተመልሰው ገቡ። ትከሻዬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። ኋላ እትዬ ብርቄ ራሳቸው ወጥተው መስኩን ተሻግረው መጡ። ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ሽማግሌዎቹ የሉበትም፣ ወንድሜም አያውቅም አልኳቸው። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እሳቸውም ወንድምህ ታሟል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኩ። ታስሯል ወይ አሉ። አልታሰረም አልኩ። እንግዲያው መንገድ የሚያሳይ ዕቃ ከሚልክ ራሱ መንገዱን ይዞ ቢመጣ ምን ነበረበት አሉ። ከዚያ፣ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ገበያው ግን ይቅር አላለኝም አሉኝ። ዳግመኛ ሽማግሌ እንዳይመጣ፤ ልጄን የሚፈልግ ራሱ በገበያ ቀን፣ በገበያው መሃል አልፎ፣ ከመስኩ ማዶ ቆሞ ስሜን በክብር ይጥራኝ፣ የሳቀብኝ ሁሉ ይስማ አሉ። ድንጋዩን ልጥል ስል ከለከሉኝ። የቆምክበት ቦታ ቀስ አድርገህ አስቀምጠው፣ ወንድምህ ሲመጣ የት እንደሚቆም ይወቅበት ብለውኝ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ወንድም ጋሼ፣ አሠሪዎችህ ለሠርግህ ቀን ካልሆነ ፈቃድ እንደማይሰጡህ፣ አሁን ጥለህ ከመጣህ ቦታህን ሌላ ሰው እንደሚይዘው አውቃለሁ። ቀላሉን ነገር እንዲህ ያከበድኩብህ እኔ ነኝ። ና ለማለት አፍ የለኝም፤ አፌ የሠራውን አንብበሃል። ጂፒኤሱን ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። እሱንም ላማው አልፈልግም፤ ቤቱ በዚህ በኩል ነው አለ፣ ቤቱም እዚያው ነበር። በየት በኩል እንደሚገባ መጠየቅ የነበረብኝ ሰው ነበር።

አባባ እግዚአብሔር በሰላም ይመልስህ ብለው ይመርቁሃል። እማማ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ ቅቤ አንጥራ አስቀምጣልሃለች፣ ለማን ብለን ብንጠይቃት አትመልስም። ታናሻችን ጥሩወርቅ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ ሳምልኝ ብላለች። ጎረቤታችን እትዬ አሚናት ዱዓቸው አልተለየህም። ጋሽ በዛብህ እንዴት ነህ ብለውሃል። አቶ ኃይለመስቀልና ጋሽ ዋለ ታርቀው ሁለቱም በአንድነት ሰላም ብለውሃል፤ እኔ ስደርስ ግን አሁንም ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ጋሽ ያሲርም ከነቤተሰባቸው ሰላም ይሉሃል።

ህይወትን ዋጫ ሄጄ አግኝቻታለሁ። ሰላምታ ትልኪለት እንደሆነ ብዬ ብጠይቃት የተማሪዎቿን ደብተር ማረም ቀጠለች። ስወጣ ተከትላኝ መጥታ፣ ቅዳሜ ቤት ሄጄ ነበር፤ ድንጋዩን እስካሁን ማንም እንዲያነሳው አልፈቀድኩም በልልኝ ብላኛለች።

ያሳፈረህ ታናሽ ወንድምህ
ሔኖክ ወልደ ጊዮርጊስ
ቦንጋ፣ የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.