የቦራ ስም

ለውድ እህቴ ለእትዬ ወርቅቱ፣ ነቀምት።

አካም ጅርታ እትዬ? ከነባልሽ፣ ከነልጆችሽ ደህና ናችሁ ወይ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እናንተም ዘንድ ተኩስ ነበር ሲባል እማዬ እህል አልቀመሰችም። ስልኩ አልገባ ቢለኝ ይህን በሰው ልኬልሻለሁ። እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ግን አልልሽም።

መሬታችን ለፋብሪካ ሲታጠር፣ አባባ በሬያቸውን ቦራን ከመሸጣቸው በፊት የመጨረሻ እርሻቸውን ፊልም አንስቼ እንደነበር ታውቂያለሽ። ርእሱንም «ቦራ» አልኩት። ሥራው ሳያልቅ ፖስተር አሳትሜ በዓለም ገና ሚኒባሶች ጀርባ ሁሉ ለጠፍኩ። ጎረቤት ካወቀው ስሙ የኛ ነው ብዬ ነዋ! መሬቱንስ ያለ ካርታ ይዘነው የኖርነው እንዲሁ አልነበር? ከዚያ አዲስ አበባን ወደኛ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሳ ረብሻው መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ፊልሙን የሚያቀናብርልኝ ዳዲም ታሰረ። አሁን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሏል፤ ዳዲ ግን አልተፈታም።

በዚህ መሃል አዲስ አበባ ላይ «ቦራ» የሚባል ሌላ ፊልም ወጣ። የአንድ ባለታክሲ ፍቅር ነው፤ ቦራ ያሉት ግንባሩ ነጭ የተቀባውን ታክሲ ነው። የኔን ፖስተር አይተው ይሁን ሳያዩ እግዜር ይወቀው። ጠበቃው አጵሎስ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። የቅጂ መብት ታሪክህንና ምስልህን ይጠብቅልሃል እንጂ ርእስን፣ ያውም አንዲት ቃልን አይጠብቅም፤ ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬ ሁሉ ቦራ አይደል ወይ አለኝ። በንግድ ምልክትስ ብዬ ስጠይቀው፣ ሕዝቡ ስሙን ሲሰማ ያንተን ሥራ ማሰብ ነበረበት፣ ያንተን ማን አየው አለኝ። እንዲያውም ርእሱን ካልቀየርክ ተከሳሹ አንተ እንዳትሆን ብሎ አስጠነቀቀኝ። የተናገረው እውነት ነው፣ ያንገበገበኝም እሱ ነው። በሬው ተሸጠ፤ አሁን ደግሞ ስሙን ልቀይርበት? ፊልሙ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማው አባባ ቦራ እያሉ ሲጣሩት ነው።

ለአባባ ይህን አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ መንገዱ ተከፍቶ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ስሙን በሲኒማ ቤት በር ላይ ያያሉ። ትኬት ቆርጠው ገቡ። ማታ ሲመለሱ ምንም አልተቆጡም፤ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ ሲወጣ ወጣሁ፣ ቦራ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነበር እንዴ፣ ቶሎ ወጥቼ ይሆን ብለው ጠየቁኝ።

ለኦቦ ዲሪርሳ፣ ለጂቱና ለትንሹ ቢቂላ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬ ጉንጫችሁን ትስማለች። አባባ፣ ፊልማችን ነቀምት ሲመጣ ልጆቹን ይዘሽ እንድታዪ ብለውሻል። አደራ፣ እንዳትገቢ።

ወንድምሽ መገርሳ
ዓለም ገና፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.