ለአባቴ፣ «እንቅልፌ» ላሏቸው

ይድረስ ጎህ ሳይቀድ ለሚነቁት ለአባቴ ለሲራጁዲን። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከረሙ? ዳገት ሲወጡ የሚያምዎት ጉልበትስ ተወዎት? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ነገ» ትላለች? እህቴ ሁመይራስ ደህና ናት? ያ የበር ገመድ የሚበላው ፍየልስ አለ ወይስ ለዒድ ታስቧል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኡምሰልማን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ለቀቃት። ሁስና ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ምንም አልቀረው።

በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄ ዘጋሁ። የትምወርቅ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ወደ ደሴ ስለምትመጣ በእጇ ላክሁት። ሁመይራ ታንብብልኝ እንዳይሉ፤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት።

ነገሩ ስለ ምሽግ ነው። ከኛ አጠገብ ያለችው ፎርት ዎርዝ የስሟ ግማሽ ምሽግ ማለት እንደሆነ የነገርኩዎት ጊዜ «ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው እርስዎ አልሳቁም ነበር።

አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ የተነሱበት ጊዜ ዘንድሮ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሞላው ተብሎ የሁስና ክፍል ትያትር አዘጋጀ። በሰሜን በኩል አንድ ረጅም ሐይቅ አለ፤ አጠገቡ ታይኮንደሮጋ የሚባል መድፍ የሞላበት ምሽግ ነበር። መንገዱን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። አመፀኞቹ ሐይቁን በጀልባ ተሻገሩ። ጀልባ ስላጠራቸው ሰማንያ ሦስት ሰው ብቻ ነበር ማዶ የደረሰው። ሲነጋጋ በሩ ላይ ዘብ ቆሞ ነበር፤ ቃታ ሳበ፣ ከሸፈበት፣ ሮጦ ገባ። ሌሎቹ ተኝተዋል። ምሽጉ አንድ ሰው ሳይሞት ተያዘ።

ሐይቅ፣ ጎህ፣ ዘብ፣ እንቅልፍ። ሁስና ይህን ከደብተሯ ስታነብልኝ የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እኛ ቤት ከሐይቃችን በላይ ስላለው ስለ ቁልቋል አፋፍ ምሽግ አይወራም። እኔ የማውቀው መንደሩ የሚያወራውን ነው። በደርግ ማብቂያ፣ የሃያ አንድ ዓመት ወታደር ሳሉ፣ የንጋቱ ዘብ እርስዎ ነበሩ። ምሽጉ ጥይት ሳይጮህ ተያዘ፤ ሠላሳ አንድ ወታደር ከነብርድ ልብሱ ተማረከ። ከተማረኩት አንዱ ጋሽ ነጋ፣ አሁን ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ «እንቅልፌ» የሚለውን ስም አወጣልዎ። ስሙ ለኔም ተረፈኝ። ክፍል ውስጥ ባዛጋሁ ቁጥር «የእንቅልፌ ልጅ!» ይባላል፤ ስንት ጊዜ ተደባድቤ ሸሚዜን ቀድጄ እንደገባሁ እማዬ ታውቃለች።

ዲቪ ደርሶን ልንወጣ ስንል «ልጅቱ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትንሽ ቆዩ» አሉኝ። እኔ ያልኩትን ያስታውሳሉ፤ እኔም አልረሳሁትም። «ምሽግ በእንቅልፍ ያስወሰዱ ሰው የኔን ቤት ሊጠብቁ ነው?» አልኩ። የውዱእ ማንቆርቆሪያዎን አንስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ይኸው ሰባት ዓመት፣ ስንደዋወል ያቺ ቃል መሐላችን ቁጭ ብላ ነው የምናወራው።

ወደ ትያትሩ ልመለስ። ሁስና አዛዥ መሆን ፈልጋ ዘብ ሆና አረፈችው። «ሥራዬ እኮ አንድ ነው፤ ጠመንጃው ከሸፈ፣ ሮጥኩ፣ አለቀ» ብላ አለቀሰች። ላጽናናት ብዬ «አያትሽም እኮ ዘብ ነበሩ» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ። ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ በሁመይራ ስልክ ደውላልዎ በሯን ዘግታ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ኡምሰልማ ቁርአን የሚያስቀሯት መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

ትያትሩ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። የዚያን ዕለት ማለዳ አውሮፕላን ማረፊያውን ጭጋግ ውጦት ነበር። እንደሚያውቁት ሥራዬ ሰዎችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ መንገደኞች መግቢያው በር በአውቶቡስ ማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ክብ እዞራለሁ፤ ሲዞሩ የዋሉበት ነገር እውኑና ህልሙ ይደባለቃል። መብራቶቹ በጭጋጉ ውስጥ የታንኳ ፋኖስ እየመሰሉኝ፣ አስፋልቱ የኛው ሐይቅ እየሆነብኝ፣ ሻንጣቸውን አቅፈው የሚያንቀላፉ ሰዎች ይዤ ዞርኩ። ያው ስሜት ሳይለቀኝ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሐይቁ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ሁለት ልጆች ከዳርና ከዳር ይዘው ያወዛውዙታል። ምሽጉ ካርቶን ነው። ልጆቹ ውስጡ ተኝተው የውሸት ያንኮራፋሉ። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሻሿ ላይ ባርኔጣ ደፍታ። አመፀኞቹ ጨርቁን ተሻግረው መጡ። እሷም የእንጨት ጠመንጃዋን አነሳች። ቃታ አልሳበችም፤ አልሮጠችም። ወደ ተኙት ዞር ብላ አየቻቸው። ጠመንጃውን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አመፀኞቹን «ሽ…» አለቻቸው። አዛዡ ልጅ የሚናገረው ጠፋው። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ማን እንዲህ አድርጊ እንዳላት ጠየቅኋት። የነገረችኝን በራሷ አማርኛ ልጻፍልዎ፤ «ማለቴ፣ አባባ ስሊፕ አላደረገም እኮ። አየ። ብዙ፣ ብዙ ሰው መጣ። ጓደኞቹ ውስጥ ተኝቷል። እሱ ሹት ካደረገ ሁሉም ይነሳል፣ ሁሉም ሹት ያደርጋል፣ ሁሉም ይሞታል። ሶ፣ ጠመንጃውን ቁጭ አደረገ። ከዛ ሲጠይቁት፣ ተኝቼ ነበር አለ። ኦኬ?»

ኦኬ አልኳት።

አባቴ፣ አይቼ ተውኩ ቢሉ ከሃዲ ሊሉዎ፣ ተኛሁ ቢሉ ሊስቁብዎ። መሳቂያ መሆኑን መረጡ። ድመት ጣራ ላይ ስትራመድ የሚነቁ ሰው፣ እማዬ ስታስል ከኛ ሁሉ ቀድመው የሚነሱ ሰው፣ ያን ዕለት ብቻ እንዴት ተኙ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ያንገበግበኛል። ለኔ ያልነገሩኝን ለልጄ በመንገርዎ ግን አልቀናሁም። እሷ ምን አዩ ብላ ጠየቀችዎ፤ እኔ አፌን ከፈትኩብዎ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ አጥንቱ እዚያ አፋፍ ላይ የሚቀረው ጋሽ ነጋ ሠላሳ አራት ዓመት ሳቀብዎ! መኪናውን ሳላስነሳ ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ፈለግሁ። ልደውል ስል ሁስና ከኋላ ወንበር «ሽ…» አለችኝ። ከጎኔ ኡምሰልማ፣ ከመጋዘን ሥራዋ በቀጥታ መጥታ ስለነበር፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። እስከ ቤት ድረስ ፍሬን እንኳ ቀስ እያልኩ ነው የያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ህልም ይመላለስብኛል። ቁልቋል አፋፍን እወጣለሁ። ከታች አንዱ የኛ፣ አንዱ የነሱ፣ ሁለት ሐይቆች ተገናኝተው አንድ ሆነዋል። በሩ ላይ እርስዎ በሃያ አንድ ዓመት ፊትዎ ቆመዋል። ላናግርዎ ስል ጣትዎን ከንፈርዎ ላይ ያደርጋሉ፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ አጠገብዎ እቆማለሁ። ስነቃ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ያልኩዎት ትዝ ይለኛል። አባቴ፣ ስለዚያች ቃል አፉ ይበሉኝ። ቤቴን ሊጠብቁልኝ የሚችል ሰው ቢኖር እርስዎ ነበሩ። አፉ ካሉኝ በሚቀጥለው ስንደዋወል ምንም አይበሉኝ፤ ስለ ዝናቡ ብቻ ይንገሩኝ፣ ይገባኛል።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ጠብታውን ዛሬ ታድርግ። ሁመይራን ስልኳን ለልጄ ስላዋሰች ያመስግኑልኝ፤ የኢንተርኔቱን ሂሳብ በእህትነት ትቻለው። ኡምሰልማና ሁስና እጅዎን ይስማሉ። ጋሽ ነጋንም ከልቤ ሰላም ይበሉልኝ፤ ዕድሜ ይስጠው። «እንቅልፌ» ሲልዎም እንደ ልማድዎ አቤት ይበሉት። አይቀስቅሱት።

ልጅዎ ጦልሃ ሲራጁዲን
ካሮልተን፣ ቴክሳስ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.