የውስጠኛው ክፍል ወንበር

ጥር 6

ቀኑ ሳይጀመር ደክሞኛል።

ጠዋት መሣሪያውን አስነሳሁ። ውስጠኛው ክፍል እንደ ወትሮው በረዶ ነው፤ ሌዘሩ ሙቀት አይወድም። ከአቧራ የምታንስ የፕላስቲክ ኳስ በብርሃን ያዝኩ፣ ፕሮቲኑን አሰርኩባት፣ ጎተትኩ። ከዚያ ወንበሬን ከመሣሪያው አጠገብ አስጠግቼ ቁጭ። አዛጋልኝ።

ማዛጋት ያልነው እኛ ነን። ማንኛውም ፕሮቲን ሲጎተት ወዲያው ይለጠጣል፤ የታወቀ ነው። የእኛው ግን ከዚያ በኋላም ቀስ እያለ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ትንሽ ትንሽ ይረዝምና ጸጥ ይላል። ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው። ሌላ ቦታ ማንም አላየውም። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ስለዚሁ ማዛጋት የምንጽፋትን ጽሑፍ ማሳተም ይፈልጋሉ። ለእኔ ደግሞ መመረቂያዬ ናት። እሷ ወጣች ማለት ወደ ባለቤቴና ወደ ልጄ ሄድኩ ማለት ነው።

ባለቤቴ ደወለ። እነሱ ያሉበት ከተማ ብርድ ገብቷል። "ምድጃዬን መቼ ነው የምትመልሺልኝ?" አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ምድጃ ነው የሚለኝ፤ ቀዝቃዛ እግሩን በእኔ ሲያሞቅ አሥር ዓመቱ። ጽሑፏ በወሩ መጨረሻ ትላካለች አልኩት። ባለፈውም የወሩ መጨረሻ ብለሽ ነበር አለ። ልክ ነው... ብዬ ነበር።

ጥር 8

ቀጮ ዛሬም አልሆነላትም።

ከእኔ በኋላ የተቀጠረች ተመራማሪ ናት። ስሟን የሚጠራ የለም፣ ቀጮ ነው። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ሻርፕ ተጠምጥማ፣ ያም ሆኖ ትንቀጠቀጣለች። ኳሷን እንደያዘች እየሮጠች ትወጣና በሩን ዘግታ ከውጭኛው ክፍል ኮምፒውተር ላይ ትለካለች። የእሷ ፕሮቲን አያዛጋም። አንድም ቀን አዛግቶ አያውቅም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ አሰልቺውን ሥራ ሰጧት፤ ባዶውን መለካት። ያለ ፕሮቲን፣ ኳሷ ናሙና በሚቀመጥበት መስታወት ላይ ተጣብቃ፣ መሣሪያው ራሱ እንደማይዋሽ ለማረጋገጥ። ባዶው ላይ ስክሪኑ የሚስለው መስመሯ ሁሌም ቀጥ ያለ ነው።

ፕሮፌሰሩ በፊት ይቀልዱባት ነበር። አሁን መቀለዱን ትተዋል፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ዛሬ ቢሯቸው አስጠርተው አነጋገሯት። መስማት አልፈለግኩም፣ ግድግዳው ግን ስስ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ማዛጋቱን ካላየች ውሏ አይታደስም። እጇ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ብለዋታል።

ወጥታ ጓንቷን አጠለቀች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። "እትዬ፣ እስቲ እይልኝ፣ የጎደለ ጣት አለ?"

ስቃለች። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። ምን ይባላል? ናሙናውን ቀስ ብለሽ ያዢው አልኳት። የማይረባ ምክር መሆኑን አወቅኩት፣ እሷም አወቀችው።

ጥር 11

ጉንፋን። አጥንቴ ሁሉ ተቆራርጧል።

ጥር 12

ትኩሳት። መቅረት ነበረብኝ... ናሙናው ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም፣ ይበላሻል። ሄድኩ። ካፖርቴን አውልቄ ወንበሬ ላይ ተደፋሁ፤ ብርዱ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ፕሮቲኑ አፉን በረገደው። እንዲህ ያለ ማዛጋት አይቼ አላውቅም፣ የወትሮው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፕሮፌሰሩ መስመሩን አዩና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የጽሑፏ የመጀመሪያ ሥዕል ይሄ ይሁን አሉ። ቀጮም እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ፣ ከልቧ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ጥር 16

ድኛለሁ። ከዚያው ፕሮቲን አዲስ ናሙና አዘጋጅቼ ደገምኩት። ማዛጋቱ ወደ ድሮ መጠኑ ተመልሷል።

ለምን? ፕሮቲኑ ያው ነው። ሌዘሩ ያው። የክፍሉ ብርድ ያው። የተለወጠ ነገር ቢኖር እኔ ነኝ፣ ትኩሳቴ ለቆኛል...

የማይሆን ሐሳብ ነው። ድካም ነው።

ጥር 17

ባዶውን ማን ለካ? ቀጮ። ከየት ሆና? ከውጭ። ፕሮቲኑንስ? እኔ። ከውስጥ፣ መሣሪያውን ታቅፌ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን እያየን አንዳችንም ማን የት ተቀምጦ ነበር ብለን አልጠየቅንም።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ባዶውን መስታወት አስገባሁ። ፕሮቲን የሚባል ነገር የለበትም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

አዛጋ።

ባዶው መስታወት አዛጋ፣ እንደ እኔ ፕሮቲን አድርጎ። የሰውነቴ ሙቀት ነው። ብረቱ ከእኔ እየሞቀ ለዓይን በማይታይ መጠን ይሰፋል፣ ኳሷን ፈቀቅ ያደርጋታል፤ ሙቀቱን ሲለምድ ይቆማል። በቃ። ሌላ ምስጢር የለውም። የቀጮ እጅ ምንም አልሆነም። ልክ የነበረችው እሷ ናት።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሳቅም ለቅሶም አልመጣ አለኝ።

ጥር 19

አልተናገርኩም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ነገ እላለሁ። እስቲ ሌላ ምክንያት ይኖረው እንደሆነ ልይ እላለሁ። ባዶውን ሦስቴ ደገምኩት። ሦስቴም አዛጋ። ሌላ ምን ልይ?

ልጄ ስልኩን ከአባቱ ቀማው። "እኔ ፊደል ጨረስኩ። አንቺ ለምንድነው የማትጨርሺው?"

ቀጮ ዛሬ መሳቢያዋን እያራገፈች ነበር። ኩባያዋን፣ ትርፍ ካልሲዎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወሩ ሳያልቅ? አልኳት። አንድ ቀን ሁሉንም ተሸክሜ ስወጣ ሰው እንዳያየኝ ነው አለች። ይቺ ልጅ በእኔ ሙቀት ምክንያት ካልሲዋን በየተራ እያወጣች ነው። ራሴን ጠላሁት።

ጥር 20

ተናገርኩ።

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ብቻቸውን ነበሩ። ሁለቱን መስመሮች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ የፕሮቲኑንና የባዶውን፣ ምንም ሳልጽፍባቸው። የትኛው የቱ እንደሆነ ይንገሩኝ አልኳቸው። ቆይተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አድርገው፣ አሳስተው ጠቆሙ። ነገርኳቸው። ቱግ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፣ ባዶውን መስታወት ራሳቸው አስገቡ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጡና በሩን ዝጊው አሉኝ።

እኔና ቀጮ ከውጭ ስክሪኑን እያየን ጠበቅን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ መስመሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ። ከእኔ ያነሰ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርትም ለብሰዋል። ግን አዛጋ። ቀጮ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ለካ ይህን ሁሉ ዓመት አንቺን ነው የለካነው።"

ይህን ብለው ሄዱ። ቀጮን ሲያልፏት ቆም አሉ፣ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጥር 21

ለባለቤቴ ነገርኩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው።

"አሥር ዓመት ሙሉ ምድጃ ነሽ ስልሽ ቀልድ መስሎሽ ነው? እኔን አትጠይቂኝም ነበር?"

እኔም ሳቅኩ፣ ሆዴን እስኪያመኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፣ እሱም እስክጨርስ ጠበቀኝ። አንድ ዓመት ይጨመርብኛል አልኩት። ምናልባትም ከዚያ በላይ።

"እሺ" አለ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 5

ጽሑፏ ቀርታለች። ሥራው ከ"ሀ" ይጀመራል። የቀጮ ውል ታድሷል፤ ፕሮፌሰሩ ይቅርታ አልጠየቋትም፣ ግን ከእንግዲህ ሁሉም ሰው እሷ እንደምትለካው ይለካል ብለው በስብሰባ ላይ ተናገሩ። ለእሳቸው ይህ ብዙ ነው። ጡረታቸው ደግሞ አይጠብቅም... ይህን ሳስብ ያሳዝኑኛል።

ዛሬ ስደርስ ወንበሬ ኮሪደሩ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው አሉ ተሸክመው ያወጡት፣ ማንንም ሳያዙ። እኔው እየገፋሁ ወደ ውጭኛው ክፍል አስገባሁት። ያው ፕሮቲን፣ ያው ሌዘር፣ በሩ ዝግ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አያዛጋም። እኔ ነኝ ደጋግሜ የማዛጋው።

የኩባያ ድምፅ ሰምቼ ዞር አልኩ። ቀጮ ኩባያዋን መልሳ አምጥታዋለች፣ ካልሲዎቿንም። እጇን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ትንቀጠቀጣለች።

"እትዬ፣ ጠጋ በይ እንጂ" አለችኝ። "እዚህ እንኳ ትጠቅሚያለሽ።"

ወንበሬን አስጠጋሁላት።