ስመለስ እሞላታለሁ የተባለችው መስመር፦ የወ/ሮ ገንዘቤ ገብረሃንስ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ገንዘቤ ገብረሃንስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሃንስ ወልደ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ተክሌ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደብረ ብርሃን ጨረሱ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ሕመም እስካስተኛቸው ድረስ በዚያው አገልግለዋል። ሥራ አክባሪ፣ ሰው ወዳድ፣ አንዴ ካሉት ነገር ንቅንቅ የማይሉ ሴት ነበሩ። እኛ ወንድምና እኅታቸው ግን ግትር እንላቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከመቶ አለቃ ጉግሳ አለም ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1976 ዓ.ም. ልጃቸውን ሔዋንን ወለዱ። ቦሌ ሚካኤል ቤት ሲሠሩ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ የለጠፉት ራሳቸው መቶ አለቃ ጉግሳ ናቸው። መጋጠሚያዎቹን በነጭ ሲሚንቶ እየሞሉ በሌባ ጣታቸው ያለሰልሱ ነበር። በጣታቸው ጫፍ የቆየ ጠባሳ ስለነበር በየመስመሩ መሃል ቀጭን ጭረት ቀርቷል። ባኞው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት አንድ መስመር ሲቀራቸው ሲሚንቶው አለቀ፤ በማግስቱም፣ የካቲት 1983 ዓ.ም.፣ ለግዳጅ ተጠሩ። “እሷን ስመለስ እሞላታለሁ፤ ሰው እንዳይነካብኝ” ብለው ወጡ። ጦሩ ተበትኖ ጓደኞቻቸው በየቤታቸው ሲገቡ እሳቸው አልመጡም፤ ወሬያቸውም አልተሰማም።

ወ/ሮ ገንዘቤ ጥቁር አልለበሱም። መርዶ ላልመጣበት ሰው አይለቀስም ብለው ተዝካሩንም ከለከሉን። ከባኞው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ንጹሕ ፎጣ ለባለቤታቸው ይሰቅሉ ነበር።

በዚያች ክፍት መስመር ውኃ እየገባ ሻጋታ ከሴራሚኩ ኋላ ተነሣ፤ ቀስ በቀስም ጣሪያው ላይ ወጣ። በበረኪናና በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉታል፣ ሳምንት ሳይሞላው ጠቁሮ ይመለሳል። ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አይቶ ሻጋታው ካልጠፋ እንደማይድኑ ቁርጡን ነገራቸው። ልጃቸው ብታለቅስ፣ የንስሐ አባታቸው ቢመክሩ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንጀታችን አረረ።

በ1988 ዓ.ም. እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ ባለሙያ አስገብተን መስመሯን በሲሊኮን አስደፈንናት። በማግስቱ ሲሊኮኑ ከዳር እስከ ዳር ሳይበጠስ ተልጦ፣ ባኞው ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። እሳቸው ናቸው ብለን ተቆጣን። በ1990 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲተኙ ሔዋንን እኔ ወንድማቸው ጋ ወስጄ መስመሯን እንደገና አስደፈንኩና ቤቱን ቆለፍኩ። ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም። ስከፍት ሲሊኮኑ እንደ ፊተኛው ተጠቅልሎ ፎጣው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሆስፒታል ሄጄ ስነግራቸው፣ “እሱ የጀመረውን ሌላ ሰው ሲጨርስበት አይወድም” ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ መስመሯን የነካ የለም።

ወ/ሮ ገንዘቤ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ጥር 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ42 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሔዋን ለግንዘቱ ውኃ ልትቀዳ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ባልዲውን እዚያው ትታ ወጣችና እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መስመሯ ተሞልታለች። በቤቱ ነጭ ሲሚንቶ የሚባል አልነበረም። በጣቴ ነካሁት፤ ገና እርጥብ ነው፣ በመሃሉም ቀጭን ጭረት አለው። ፎጣው ላይ እጅ የተጠረገበት ነጭ ምልክት ነበር። እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ ግን ፈራሁ።

ከኋላቸው ልጃቸው ሔዋን ጉግሳ፣ እኅታቸው ተናኜ ገብረሃንስና ይህን የጻፍኩት ወንድማቸው መንግሥቱ ገብረሃንስ ቀርተናል። ባለቤታቸውን ከቀሪዎቹ ጋር እንዳንጽፋቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያያቸው የለም፤ በሞት ከቀደሟቸው ጋር እንዳንጽፋቸው ሲሚንቶው አልደረቀም። ስለዚህ የስማቸውን ቦታ ባዶ ትተነዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍ፤ የጠበቁትንም አይንሳቸው።