በጎታቹ መኪና ጋቢና ውስጥ አንድ መቀመጫ ስለመጠየቅ

ለመንገድ ላይ እርዳታና ለጎታች መኪና አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ማለትም ሐኪሙ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደስታ፣ ለመኪኖችዎ ደህና ጎማ እመኛለሁ፤ የሌላው ሰው መኪና ደግሞ በየመንገዱ እየቆመ ገበያዎ ይድራልዎ።

ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት ለመዳፈር አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ መልስ ሳይመጣለት ስለቀረ፣ ምናልባት በሥራ ብዛት ፖስታ መቅደድ ከብዶዎት ይሆናል ብዬ አዝኜልዎት፣ ይኼኛውን ክፍት ላደርገው ወሰንኩ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው፤ ያረጀ ጨርቅ እገፍፋለሁ፣ ስፖንጅ እቀይራለሁ፣ የላላ ሞላ አጠብቃለሁ። ባለቤቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። ከከተማው ዳር እስከ ዳር በየግቢው እየገባች ቆጣሪ የምታነበው በአንድ ሞተር ሳይክል እየዞረች ሲሆን፣ ይህ ሞተር በዕድሜ ከትልቋ ልጃችን ይበልጣል፣ በጠባይ ደግሞ ከአማቴ ይብሳል። ሲዘንብ ይታፈናል፣ ዳገት ሲያይ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሰማዩ ጠርቶ መንገዱ ሜዳ በሆነ ቀን ደግሞ እንዲያው ማኩረፍ ሲያምረው መሃል አስፋልት ላይ ቀጥ ይላል።

ድሮ፣ ማለትም እናንተ ሳትመጡብኝ በፊት፣ ሞተሩ ሲቆም የምትደውለው ለእኔ ነበር። የጀመርኩትን ሶፋ አጥንቱ እንደወጣ ትቼ፣ ዳቦ ቤት ያለውን ጎረቤታችንን ፒክአፑን እንዲያውሰኝ ለምኜ፣ ገመድ ይዤ እከንፋለሁ። ሞተሩን ከኋላ ጭነን፣ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ገመዱ እንዳይላላ እያልን በዝግታ እንመለሳለን። ክቡር ሆይ፣ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው አማቴ አለች፣ በሌላው ከልጆቹ ጋር ተጣበን እናድራለን፣ በረንዳውን ደግሞ ከሱቄ የተረፈው የደንበኛ ሶፋ ሞልቶታል። ባልና ሚስት ለብቻቸው የሚያወሩበት ቦታ ነበረን ከተባለ ዳቦ ዳቦ የሚሸተው ያ ጋቢና ብቻ ነበር። ሁለተኛ ልጃችንን ማርገዟን የነገረችኝ እዚያ ነው። አለቃዋ በሰው ፊት ያዋረዳት ቀን ያለቀሰችውም እዚያ ነው። ወሬው ይዞን የቤታችንን መታጠፊያ አልፈን የሄድንበትም ቀን አለ።

አንድ ቀን ግን ሞተሩን ብቻዬን ወደ ላይ ላነሳ ስል ወገቤ ቀጭ አለና እንደታጠፍኩ ቀረሁ። ባለቤቴ መንገደኛ ለምና ሁለት ብልሽት አስጫነች፤ ሞተሩንና እኔን። መሪውን ራሷ ይዛ፣ እኔ ከኋላ ከሞተሩ ጎን ተጋድሜ፣ ሁለታችንንም ቤት አስገባችን። ከዚያ በኋላ በጀርባዬ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ በሰነበትኩበት ጊዜ ነው ለአሮጌው ሞተር የመንገድ ላይ እርዳታ ሽፋን ልገዛላት የወሰንኩት።

ልጁን እንደሚድር አባት ሦስት ድርጅቶችን አስጠናሁ። አንደኛው የሞተሩን ዕድሜ ገና ከመስማቱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሁለተኛው አሮጌም ቢሆን እጎትታለሁ አለ፤ ግን እስከ ቅርቡ ጋራዥ ድረስ ብቻ፣ ባለሞተሯን ደግሞ የቆመችበት ትቷት ነው የሚሄደው። የእናንተ ግን ዕድሜ አይጠይቅም፣ እስከ ቤት ደጅ ያደርሳል፣ አሽከርካሪዋንም በጋቢና ያሳፍራል። ስለዚህ የመረጥኳችሁ እኔ ነኝ። አማክሬና አወዳድሬ፣ ደስ እያለኝ፣ በገዛ ፊርማዬ ራሴን ከሥራ አሰናበትኩ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሰዓት ታከብራላችሁ። ስንቱ ድርጅት ደንበኛውን ፀሐይ ላይ እያደረቀ በሚኖርበት ዘመን፣ እናንተ ብቻ በውሉ ላይ የጻፋችሁትን ቃል መጠበቃችሁ ምን የሚሉት ልማድ ነው? ባለቤቴ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ሳትመልሰው ቢጫው መኪናችሁ ከች ይላል። እኔ ፒክአፑን ለምኜ፣ ዳቦው እስኪራገፍ ጠብቄ፣ ቁልፉ የት እንደተቀመጠ ተፈልጎ እስክደርስ ድረስ መንገድ ዳር ቆማ የጠበቀችኝን ሁሉ አሁን ቁጭ ብላ እያሰላችው ነው። ስለዚህ ውለታችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሾፌራችሁ። ከተማው ሙሉ ሾፌር ሞልቶ ሳለ ለዚህ መስመር የመደባችሁት ቁመቱ ሎጋ፣ ጥርሱ ነጭ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። ባለቤቴ "ጨዋው" ነው የምትለው። እኔን በትዳር ዘመናችን ብዙ ነገር ብላኛለች፤ ጨዋ ግን ብላኝ አታውቅም። በር ይከፍትላታል፣ ሄልሜቷን ይቀበላታል፣ ሞተሩን ሲያስር ከቺንጊያው ሥር ጨርቅ ያደርጋል። የኔ ገመድ የነዳጅ ጋኑን ቀለም ልጦት እንደኖረ የነገረችኝም እሱ ካሰረው በኋላ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ሞተሩ ቆሞባት ላቧን እየጠረገች ሳለ "ነዳጅ አይተሻል ወይ?" ብሎ አይጠይቃትም። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አንድ ወንድ እንዴት ሞተር ሊያነሳ እንደሚችል አሁንም አልገባኝም።

ሦስተኛ፣ የጋቢናው መቀመጫ። በር ላይ ሲያወርዳት ሰላም የምል መስዬ ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ስፖንጁ አዲስ ነው፣ ስፌቱ ድርብ ነው፣ ጨርቁም የረከሰ አይደለም። በሙያዬ እንከን ፈልጌ አጣሁበት፤ ያን ቀን እህል አልበላ አለኝ።

አራተኛውን ቅሬታ፣ ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ ትልቋ ልጄ "አባዬ፣ ይኼንንስ አልጽፍም" ብላ እጇን ስላጣመረች፣ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ። እርሷም ብትሆን ለጨዋው ታደላለች።

አምስተኛው ቀልድ የለበትም። ባለፈው ወር ሾፌራችሁ ሞተሩን ከደጃችን ካወረደ በኋላ ወደ እኔ መጣና እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ "እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ" አለኝ። በምን ደስ እንዳለኝ አላውቅም። ባለጌ እንዳልባል "እንኳን አብሮ ደስ አለን" ብዬ፣ ፊቴን እንደምንም አፍክቼ ሸኘሁት። ዘወር ሲል ነው ከባለቤቴ የሰማሁት፤ ለተቆጣጣሪነት ታጭታለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ቢሮ ትገባለች፣ በየግቢው መዞሩ ይቀርላታል፣ ሞተሩም ይሸጣል። ዜናው በስልክ የደረሳት ከዚያ በፊት ሞተሩ በቆመባት ቀን፣ በእናንተ ጋቢና ውስጥ ሳለች ነው። አጠገቧ የነበረው እሱ ነው፣ ለደስታዋ እልል ያለላትም እሱ ነው፤ በእውነት እልል ብሏል አሉ።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኳት። ቤት እንደገባች ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት እናቷ መድኃኒቷን እንደጠየቀች፣ ልጆቹ እንደተጣሉ፣ የእኔም ደንበኛ ሶፋውን ሊጭን እንደመጣ አስታወሰችኝ። በማግስቱ ደግሞ የቆየ ወሬ ሆኖባት ነገ ዛሬ ስትል ሰነበተች። ቤት ውስጥ ወሬ እንደማይወጣላት፣ የሚወጣላት መንገድ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን እኔ አጥቼው አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። በቁመቱና በጥርሱ ስቀና ኖሬያለሁ፣ ያ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ እንዲያውም ደም ያንቀሳቅሳል። ይኼኛው ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። ለእኔ ሊነገር የሚገባውን ወሬ ነው ቀድሞኝ የሰማው።

ስለዚህ ያንኑ ዕለት፣ ከእንግዲህ ሞተሩ ሲቆም ለእኔ እንድትደውል፣ ጎታቹን እንድትተወው፣ ፒክአፑንም ገመዱንም እንደማዘጋጅ በቁጣ ነገርኳት። ባለቤቴ አልተቆጣችም። የሄልሜቷን ማሰሪያ እየፈታች እንዲህ አለችኝ፦

"ሞተሩንማ ማንም ይጎትተዋል። አንተ እዚያ ወድቀህ ብትቀር ማን ይጎትትልኛል?"

ያን ጊዜ ከኋላ ተጋድሜ ስመጣ መሪውን የያዘችው እሷ ምን ያህል ፈርታ እንደነበር ያወቅሁት ከዚህ ቃሏ ነው። እኔ ለካ ሞተሩን የሚሸፍን ነገር የገዛሁ መስሎኝ ነው፤ እሷ ግን ስትደውልላችሁ የኖረችው ወገቤን ብላ ነው። ቅናቴ በዚህ በረደ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። አልበረደም። የምቀናበት ሰው ጠፋና ቅናቱ ብቻውን ቀረ።

ታዲያ መላ ፈለግሁ። ባለቤቴ ለእናንተ ትደውል፣ ጨዋውም በሰዓቱ ይምጣ፣ ሱቄ በመንገዳችሁ ላይ ስለሆነ እግረ መንገዱን እኔን ያንሳኝ፣ አብረን ሄደን እናምጣት። አንድም ዕቃ አልነካም፤ መቀመጥ ብቻ ነው። ይህን ይዤ ቢሯችሁ ድረስ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛችሁ በትሕትና ሰማችኝና ሽፋኑ ሞተሩ በቆመበት ጊዜ ሞተሩ ላይ ለነበረ ሰው ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያም አዝናልኝ መሰለኝ፣ ከኋላ ተፈናጥጬ ሳለሁ ከቆመ ግን እኔም የመሳፈር መብት እንዳለኝ ሹክ አለችኝ።

በዚህ ምክር መሠረት በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ከባለቤቴ ኋላ ሞተሩ ላይ ተፈናጠጥኩ። ወገቤን በሰፊ መቀነት አስሬ፣ አንዴ እንዲቆምልን ብቻ እየተመኘሁ፣ ከግቢ ግቢ ዞርን። ሄልሜት አድርገን ነፋስ እየመታን የምንነጋገረው ነገር አልነበረም፤ የተለዋወጥነው ቃል ቢኖር "ያዝ" እና "ልቀቅ" ነው። የየቤቱ ውሻ እሷን ጅራቱን እየቆላ ሲቀበል እኔን ሊበላ ይዘላል። ሞተሩስ? ዳገቱን እየዘፈነ ወጣ። ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሳይታፈን ወጣ። ትልቋ ልጃችን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ እንዲህ ሄዶ አያውቅም። ማታ ወገቤን ይዤ ስገባ አማቴ ሳቀች። በማግስቱ እኔ ሱቅ ውዬ እሷ ብቻዋን ስትወጣ፣ ገና ሁለተኛው ግቢ ሳትደርስ ቀጥ አለባት። ጨዋው በሰዓቱ ደረሰ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ነገሬን ላጠቃልል። ውላችን የሚታደሰው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ባለቤቴ ቢሮ ስትገባ ሞተሩ ስለሚሸጥ ላድሰው የሚገባኝ ምክንያት የለም፤ ግን የዓመቱን ሙሉ ከፍዬ አድሰዋለሁ። በምላሹ የምለምነው ሞተሩ ሳይሸጥ በፊት ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጉዞ ብቻ፣ ጋቢና ውስጥ መቀመጫ እንዲፈቀድልኝ ነው። ሹመቷን ጨዋው ሲሰማ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አላየሁም። ከመንገዱ ዳር እስከ ቤታችን ደጅ ባለው ርቀት ውስጥ እንደገና ከመጀመሪያው ትንገረኝ፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው እደነግጣለሁ፣ እልልም እላለሁ። ደንባችሁ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ደንቡን ያወጣው ሰው ሚስቱን ለመጨረሻ ጊዜ በጸጥታ ያወራት መቼ እንደሆነ ቢጠየቅልኝ ደስ ይለኛል።

የድርጅታችሁን መልካም ስም ሳልወድ በግድ በየደረስኩበት የማስተዋውቅ፣ ለቀልጣፋነታችሁ ጥርሴን ነክሼ የማመሰግን፣ የእርስዎንም ቀና መልስ በሱቄ በር ላይ ቆሜ የምጠባበቅ፣

ታማኝ ደንበኛዎ፣
የቆጣሪ አንባቢዋ ባል፣ ሶፋ አልባሹ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሾፌራችሁን ጨዋነት የመጠራጠር ሐሳብ ፈጽሞ የለኝም፤ ሰላምታዬንም ያድርሱልኝ። ግን በዕለቱ የአቀማመጥ ክርክር ተነስቶ ሥራችሁ እንዳይስተጓጎል ከወዲሁ ላሳውቅዎ፦ ባለቤቴ መስኮት ትወዳለች፣ የማርሹ ዱላም ጉልበቴን ቢመታኝ ግድ የለኝም። መሃል የምቀመጠው እኔ ነኝ።