ዛፉን ለብቻዬ አልሸጥም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? የግንባታው ሥራ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ? እኔ አለሁ። እጄ ቶሎ ስለማይጽፍ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሰነበትኩ፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

ነጋዴው የፈረምክበትን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ባለቤትዎ ተስማምተዋል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ዛፉን እንደቆመ እገዛዎታለሁ፤ ምንም አይደክሙም» አለኝ።

«እሱ ከተስማማ እሱን ቁረጠው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወረቀቱን እንዳመጣው መልሼ ሰጠሁት።

አልፈርምም። መጀመሪያ ይህን እወቅ፤ ምክንያቱን ከታች እነግርሃለሁ።

በደብዳቤህ «ልጄን የበላት ያ ጫካ ነው፤ ዓይኔ እንዳያየው ይጥፋ» ብለሃል። ልጃችንን ጫካ አልበላትም። ለዛፍ ጥናቷ ገበሬዎቹን ጠይቃ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ነው የተገለበጠው። ዛፉ ምን አደረገ?

ግማሹን ዛፍ ከመሃል እየቆረጠች ስታሳሳው የጮህክባትም አንተ ነበርክ። «ጤነኛ ዛፍ የሚያስቆርጥ ትምህርት ምን ዓይነት ነው?» ብለህ ስንት ቀን አኮረፍካት። እሷ ትል የነበረው ተጨናንቆ ያደገ ዛፍ አጣና ሆኖ ይቀራል፣ ቦታ ያገኘው ግን ለጣውላ ይደርሳል ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጣውላውን በማህበር አንድ ላይ ቢሸጥ ደግሞ ዋጋውን ነጋዴው ብቻውን አይወስንም። እውነት መሆኑን ለማወቅ ነበር ግማሹን አሳስታ ግማሹን እንዳለ የተወችው።

እሷ ከሄደች በኋላ መለካቱን እኔ ቀጠልኩ። ሜትሯ ከቦርሳዋ ጋር ተመልሶልኝ ነበር። ዛፍ በደረት ቁመት እንደሚለካ ስትናገር ሰምቻለሁና፣ አንድ በአንድ እያቀፍኩ በደረቴ ልክ ለካሁ። እሷ ባለፈው ዓመት ከለካችው ጋር ሳስተያየው፣ የተሳሳው ወገን ለጉድ ወፍሯል። ሮጬ ለጎረቤቶቻችን ማህበር ስብሰባ ተናገርኩ፤ ሰውም አጨበጨበልኝ።

ትንሽ ቆይቶ የሥራ ባልደረባዋ፣ ያቺ መነጽር የምታደርገው፣ ጥናቱን ልትጨርስ መጣች። የለካሁትን አየችና ቀና ብላ ቁመቴን አየች።

«እማማ፣ በማን ደረት ነው የለኩት?»

«በራሴ ነዋ። የማንን ደረት ልዋስ?»

«ደረት የምንለው ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ነው። እርስዎ አጠር ስለሚሉ ዝቅ ብለው ነው የለኩት። ዛፍ ደግሞ ወደ ሥሩ ይወፍራል።»

አፈርኩ። ሁለታችን ሆነን እንደገና ለካነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ተነስቼ ትክክለኛውን ተናገርኩ። አናጢው ጎረቤታችን፣ «ምነው፣ ዛፉ ሰሞኑን ከሳ እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀብኝ።

«ቢከሳም ካልተሳሳው ይበልጣል። አንተ ረጅም ነህ፤ መጥተህ ለካው» አልኩት።

መጣ፣ ለካ፣ ጺሙን አሻሸ። አሁን የራሱን ዛፍ እያሳሳ ነው።

ነገሩ አልጋ በአልጋ ነው አልልህም። ባልደረባዋ ራሷ አልደበቀችንም፤ መጠበቅ የሚችል ይጠቀማል፣ ዘንድሮ የቸገረው ግን በመጠበቅ ይጎዳል። ከእኛ በታች ያለችው ባልቴት፣ «እኔ እስከዚያ ምን ልብላ?» ብላ ጠየቀች። ልክ ናት። ብዙ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ፣ ሲሳሳ ከሚወጣው አጣና ሽያጭ ቅድሚያ ለተቸገረ ይሰጥ ብለን ተስማማን።

ነጋዴው በእኛ ዛፍ ለምን እንደቸኮለ አስበህበታል? ያ የፈረምክበት ወረቀት ዛፉ ተቆርጦ እስኪያልቅ መሬቱን ለእሱ ያስረክባል። የጭነት መኪና ደግሞ የሚገባው በእኛ መሬት ብቻ ነው። እኔ ከፈረምኩ መንገዱን ይዘጋል፤ የጎረቤቱ ሁሉ ግንድ እሱ በጠራው ዋጋ ይሸጣል ወይም እዚያው ይበሰብሳል። ማህበሩም አለቀለት። ልጃችን ለእነዚህ ሰዎች የደከመችውን በእኔ እጅ አላፈርሰውም።

ልጃችን ስትቀበር ከአጠገቤ ያልተለየችው ባልቴቷ ናት። አንተ ዘግይተህ ደረስክ፣ ቶሎ ሄድክ። ለምን እንደሄድክ አውቃለሁ። እኔም መሄጃ ቢኖረኝ እሄድ ነበር።

ዛፉ ለዘላለም ይቁም አላልኩም። ሲደርስ ይቆረጣል፤ ከጎረቤት ጋር፣ በማህበሩ ዋጋ። የመጥረቢያው ስለት ሲያርፍበት ቆሜ አያለሁ፤ የሚያለቅስ ዓይኔ ያልቅስ። ለሰው ይጥቀም ብላ የተከለችውን ለሐዘኔ ማስታገሻ አድርጌ አላስቀረውም። አንተም ለሐዘንህ ብለህ አታስጨፍጭፈው።

ከዚህ በኋላ ነጋዴ አትላክብኝ። ዛፉ ይሸጥ የምትል ከሆነ ራስህ ና፤ ፊቴ ቁምና ንገረኝ። ያኔም አልፈርምም። ግን ምሳ ትበላለህ።

ፈጣሪ ባለህበት ጤና ይስጥህ፤ ከክፉ ይጠብቅህ። መንገድህን ሁሉ ያቅናልህ፤ ወደ ቤት የሚያመጣውን በተለይ።

የልጅህ እናት፣
እስካሁንም ሚስትህ