የጋሽ ዘይኑ እንግዶች

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአያ እንየው፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ሚስትህ አትጠገብስ? ልጆቹስ? የጎሬ ዝናብ ዘንድሮም ሳያባራ ከረመ ወይ? ይልቁንም የእምዬ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ፣ ባለቤቴ ጋሹና ልጃችን ሳምሪ ከናፍቆታችሁና ከደሴ ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እምዬን ለዓይኗ ሕክምና ከኅዳር ሚካኤል በኋላ እንደምትልካት የጻፍከው ደርሶኛል። ሳነበው ግን ደስታዬን ድንጋጤ ቀደመው፤ በዚያው ሳምንት ቤቱን ልቀቁ ተብለን ነበርና። ዓይኗ የታሸገ እናት ይዤ የት ልወድቅ ነው አልኩ። አሁን ነገሩ አልፏል፣ ተረጋግተህ አንብብ፤ መቼም አንተ ነገር ሳይነገርህ በፊት የምትቆጣ ሰው ነህ።

የምንኖርበትን ቤት አላየኸውም። ሰኞ ገበያ ጠርዝ ላይ ያለ የጋሽ ዘይኑልአቢዲን ፎቅ ነው። ከሥር ወፍጮ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ የእሱ ሱቅና የእኔ ክፍል አሉ፤ ከላይ እሱ ከሚስቱ ከእትዬ ሰዒዳ ጋር ይኖራል። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ በዚህ ደብዳቤ ግን እስኪበርድልኝ ድረስ አንቱታውን አስቀምጬዋለሁ። እኔ በመንገዱ በኩል ልብስ እሰፋለሁ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እንተኛለን። ወፍጮው ሲነሳ ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ የስፌት መኪናዬ ሳልነካት ልትሰፋ ይቃጣታል። ዱቄቱ እየበነነበት ጋሹ ሳይሸብት ሽማግሌ መስሏል። ቢሆንም ደንበኞቼ የሚያውቁኝ እዚያ ነው፣ የሳምሪም ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፣ ቤቴን እወደዋለሁ።

ስንገባ ወረቀት አልተጻፈም። ጋሹ ውል እንጻፍ ቢል ጋሽ ዘይኑ ደረቱን መትቶ፣ በወሎ ሰው መካከል ወረቀት ምን ሊሠራ፣ ቃል ይበቃል አለና ጎረቤቱን ሰብስቦ ዱዓ አስደረገ። ባለ ሻይ ቤቱ ወንድምአገኘሁም፣ ባለ ወፍጮው በሺርም አሜን አሉ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ኪራዩን በእጁ እሰጠዋለሁ፣ እሱም ልጅ ያሳድግልሽ፣ እጅሽን ይባርከው እያለ ይቀበለኛል። ደረሰኛችን ምርቃት ነበር።

ታዲያ መስከረም ሲያልቅ ቪዲዮ ቤት መክፈት የሚፈልግ አንድ ሰው ከኮምቦልቻ መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ክፍሌን ሲለካ እኔ መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ እስቲ ፈቀቅ በይ ብሎ የተቀመጥኩበትን ሳይቀር ለካው። ማታውኑ ጋሽ ዘይኑ ወረደና፣ ልጄ ይታይሽ፣ ረመዷን ሳይገባ ቤቱን ልቀቁልኝ አለ። ጋሹ ምን እንዳለ ታውቃለህ? እሺ አለ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ማታ ሐረጎን ወጥቶ ቤቱ፤ በመካከሉ እሺ ከማለት በቀር ነገር አያውቅም። የተጋባነውም እኔን እሺ ስላለኝ ነው።

እኔ ግን እሺ አላልኩም። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሰብሳቢ ዳኛው አቶ ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። የኪራይ ውል አለሽ ወይ ሲሉኝ የለኝም አልኩ፤ አልኩና በሐሳቤ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ። እሳቸው ግን፣ ወረቀት የለም ማለት ውል የለም ማለት አይደለም፣ ወር በወር ኪራይ እየተቀበለ ካኖረሽ ተከራዩ ነሽ፣ በቂ ጊዜ ሳይሰጥሽ ብድግ አድርጎ አያስወጣሽም፣ እስቲ እሱንም እንስማው ብለው ቀጠሮ ሰጡኝ።

ወንድም ዓለም፣ ጉዱ የመጣው በቀጠሮው ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ቤት የሚያከራይ ሁሉ ግብር ይክፈል እየተባለ ይለፈፍ ነበር። ጋሽ ዘይኑ ቤት ታከራያለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የግብር ሠራተኛ አየ። ከዚያ፣ ኧረ እኔ አከራይ አይደለሁም፣ እነ ይታይሽ እንግዶቼ ናቸው አለ! አንድ ኪሎ ጨው ሲሸጥ እንኳ ወላሂ የሚል ሰው ያን ቀን ሳይምል ቀረ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። በዕድሜ እኩያው ናቸውና አልፈሩትም። እንግዶች ከሆኑማ ሌላ ነገር ነው አሉ። ተከራይ በማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ እንግዳ ግን እሱ ራሱ ልሂድ እስኪል ሂድ አይባልም፤ ይህ በሕግ መጽሐፍ ባይጻፍም ወሎ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ በል ሄደህ አስተናግዳቸው፣ የሳምንት ሰው ይበለን ብለው አሰናበቱን።

ማታ ሳምሪን አጥቤ፣ የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ ደረጃውን ወጣሁ። ጋሹ አፍሮ አልሄድም ብሎ ነበር፤ የቁሌቱ ሽታ ሲወርድለት ተከትሎን መጣ። እትዬ ሰዒዳ የባሏን ነገር ሰምታ ኖሮ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ገና ሳንቀመጥ ባሏን፣ ምን ትገተራለህ፣ የእንግዶችህን እግር አጥባቸው እንጂ አለችው። ጋሹ ፋብሪካ በዋለበት ካልሲ ነበር። ጋሽ ዘይኑ ሳፋውን ይዞ ጎንበስ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ከትሕትና አልነበረም።

ከዚያ ዶሮ መጣ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም፤ የእነሱን እርድ አንበላም። የወሎ ሰው ደግሞ እንግዳውን ጦሙን አያሳድርም። ስለዚህ ጋሽ ዘይኑ ወንድምአገኘሁን ከሻይ ቤቱ አስጠርቶ በስመ አብ ብሎ እንዲያርድልን አድርጎ፣ እትዬ ሰዒዳም ድስቱን ከእኔው ቤት አስመጥታ ነበር። ወንድምአገኘሁ አርዶ አልሄደም፣ ከራቱ ተቀመጠ። በሺርም ሊያጫውተን መጣ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የጋሽ ዘይኑን እንግዶች ካላየን እያለ ደረጃውን ሞላው፤ ለሙስሊሞቹ ደግሞ በሌላ ድስት ሌላ ዶሮ ተሠራ። ረቡዕ ጾም ነው ስንል ሽሮ ያለ ቅቤ ቀረበልን። ሐሙስ እንደገና ወንድምአገኘሁ ቢላውን ስሎ ሳይጠራ መጣ።

ጋሽ ዘይኑም ሞኝ አይደለም። ዓርብ ጠዋት ወረደና፣ እንግዳ ሥራ አይሠራም፣ ነውር ነው ብሎ የስፌት መኪናዬን በጋቢ ሸፈናት። ያን ጊዜ በእውነት ደነገጥኩ። እኔ ካልሰፋሁ ደንበኛ ይሸሻል፣ ደንበኛ ከሸሸ ቤቱ ቢቀርልኝስ በምን እኖርበታለሁ? ደግነቱ መኪናዋ ላይ የነበረው የእትዬ ሰዒዳ የዒድ ቀሚስ ነው። ከላይ በመስኮት ብቅ ብላ፣ አንተ ሰውዬ፣ ለዒድ ራቁቴን ልውጣልህ? ብላ ስትጮህበት ሰኞ ገበያ በሙሉ ሰማ። ጋቢው ተነሳ፣ እኔም ቀሚሱን ከወገቡ ሰፋ አድርጌ ሰፋሁላት።

ትናንት ማክሰኞ ቀጠሯችን ደረሰ። አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ እህ፣ እንግዶቹ እንዴት ሰነበቱ ከማለታቸው ጋሽ ዘይኑ ብድግ ብሎ፣ ተከራዮቼ ናቸው! ወላሂ ተከራዮቼ ናቸው! ግብሩንም እከፍላለሁ፣ ብቻ ጻፉልኝ አለ። የግብሩ ሠራተኛ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። ወንድምአገኘሁና በሺር ምስክር ሆነው የአንድ ዓመት ውል ተጻፈልን፤ ከዚያም ወዲያ ቢሆን ጊዜ ሳይሰጥ እንዳያስወጣን ተጻፈ። የቪዲዮው ሰውዬም ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ ኮምቦልቻው ወረደ። እኔም በረደልኝ።

ማታ በገዛ ቤቴ ምስር ሠርቼ ሳቀርብ ጋሽ ዘይኑ ከደረጃው ላይ ተጣሩ። ሊጣሉኝ ነው ብዬ ወገቤን ታጥቄ ወጣሁ። እናትሽ ለዓይኗ ትመጣለች የሚሉት እውነት ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ከእኛ ጋር ትሆናለች አልኳቸው። ይሄኔ ተቆጡ። የታከመ ዓይን ይዛ ከወፍጮ ሥር ዱቄት ልትቅም ነው? እናንተ ተከራዮች ናችሁ፣ ታች ኑሩ፤ እሷ ግን ከጎሬ ድረስ የመጣች እንግዳ ናት፣ የምታርፈው እኛ ቤት ነው፣ ሰዒዳ አልጋውን አዘጋጅታለች አሉ።

እኔ እንባዬ መጣ። ብቻ ላለማሳየት፣ እምዬ ያን ጊዜ የነቢያትን ጾም ይዛ ታስቸግራችኋለች አልኩ። እሷም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ፣ ምን ያጣላናል አሉ። ደረጃውስ፣ ዓይኗ ታሽጎ እንዴት ትወጣዋለች ብላቸው፣ እኔ ምን ሆኜ፣ አዝላታለሁ አሉ። ወደ ደረጃው አዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመሆኑ ወፍራም ናት? ብለው ጠየቁኝ። በሞተው አባታችን ምዬ፣ ቀጭን ናት አልኳቸው። እንግዲህ እምዬን ሳትሰጋ ላካት፤ እስከዚያ ግን ገንፎውን ቀነስ አድርግላት።

አትጠገብን በእኔ ስም ሳማት፣ ለላከችው ማር እጇ ይባረክ በላት። ልጅህን ሰላምን ደብተርሽን ይዘሽ ተማሪ፣ አክስትሽ የትምህርት ቤት ልብስ ሰፍታልሻለች በላት፤ ከእምዬ ጋር ለሚመለስ ሰው እሰጣለሁ። የእምዬን ጉልበት ሳምልኝ። ጋሹ ሰላም ይልሃል፤ ጻፍ ስለው እሺ አለና እንቅልፍ ወሰደው። ሳምሪም አያቷን በጉጉት ትጠብቃለች።

እህትህ ይታይሽ
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ
ጥቅምት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.